የማይንኳኳ ገውዝ

ሰኞ፣ ማርች 4

ጡረታዬ አልበቃ ብሎኝ አይደለም ወደ ሥራ የተመለስኩት። በቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ግን አልበቃት ብሎ ነው እየተባለ ነው አሉ። ወሬውን ያመጣችልኝ ጎረቤቴ ኤዝሚ ናት፣ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረን ፊደል የቆጠርን። ሐሰት ነው። ጡረታዬ ለአንዲት አሮጊትና ለአንዲት ድመት ይበቃል። እውነቱ ይኸው፦ የገውዝ ቤቱ ኃላፊ አቶ ኦገስቲን ራሱ በረንዳዬ ድረስ መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ።

"እትዬ ዩላሊ፣ አዲሶቹ ሴቶች ደረቁን ከእርጥቡ አይለዩም። በሳምንት ሦስት ጠዋት ብቻ ይምጡልን።"

አርባ አንድ ዓመት የሠራሁበት ቤት ነው። እሺ ለማለት አንድ ቀን አስጠበቅሁት... ለወጉ ያህል።

ይኸው ሁለተኛ ሳምንቴ። ዛሬም ለሴቶቹ ደግሜ አስረዳኋቸው። ገውዝ ከነቅርፊቱ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሲደርቅ ፍሬው ከቅርፊቱ ይላቀቃል፤ ሲነቀንቁት ውስጡ ይንኳኳል። የተንኳኳው ወደ መፈልፈያው፣ ያልተንኳኳው ተመልሶ ወደ ፀሐይ። "የግሬናዳ ገውዝ ባሕር ተሻግሮ ሻግቶ ከተገኘ፣ የሻገተው ስማችን ነው" አልኳቸው። ጆሮ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ረቡዕ፣ ማርች 6

የማስጫው ኃላፊነት የዶርካስ ነው። አዲስ ናት፣ አርባ ዓመት ቢሆናት ነው። ያመጣችው ሁሉ እርጥብ! ሦስት ትሪ መለስኩባት። "ፀሐዩ የት ሄዶ ነው፣ አንቺ ሴት?" አልኳት። አንድ ነገር አጉተመተመች። ሌሎቹ ሳቁ። ምኑ ነው የሚያስቀው? ዶርካስ ደግሞ ፊቷን አጥቁራ ዞረችባቸውና ትሪዎቹን ተሸክማ ወጣች።

የዛሬ ሴቶች አፋቸውን ከፍተው አይናገሩም። አስተማሪያችን ሚስ ፒልግሪም ብትሆን በማስመሪያ ጣታቸውን ትመታቸው ነበር።

ዓርብ፣ ማርች 8

ዛሬም እርጥብ። አራት ትሪ መለስኩ።

ጠዋት ግቢዬ ውኃ አቁሮ አገኘሁት። ኤዝሚ "ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ቆርቆሮውን ሲደበድበው አደረ፣ ዓይኔን አልከደንኩም" አለች። እኔ ቤት አልዘነበም። አጥራችን አንድ ነው... እንዴት በእሷ በኩል ብቻ?

እሑድ፣ ማርች 10

አዲሱ ቄስ ያንሾካሹካል። እግዜርን በጆሮው ነው እንዴ የሚያናግረው?

ረቡዕ፣ ማርች 13

አቶ ኦገስቲን ጠራኝ። የዶርካስ የሙከራ ወር ዓርብ ያልቃል። "ትቀጥል ወይስ ትቅር? እርስዎ ባሉት ነው" አለኝ። ጻፍኩለት። ያልደረቀ ታመጣለች። ቢነገራትም አታርምም። ትቅር። ፈረምኩ። ዓርብ ያነበዋል።

ስወጣ ዶርካስ ቦርሳዬን ተቀብላ እስከ አውራ ጎዳናው ሸኘችኝ። አራት ልጆች አሏት። ምን ላድርግ? እውነት እውነት ነው። ያ ብቻ ነው የተማርኩት።

ከትሪዋ አራት ገውዝ በመሐረቤ ቋጥሬ አመጣሁ። ኤዝሚ ትፍረድ።

ሐሙስ፣ ማርች 14

የዛሬውን በሥርዓቱ ልጻፍ።

ኤዝሚ በኮኮናት ወተት የቀቀለችውን የዳቦ ዛፍ ፍሬ ከነድስቱ ይዛልኝ መጣች። ሻይ ጣድኩ። መሐረቤን ፈታሁና "ይኸውልሽ የዶርካስ ሥራ" አልኳት። አንዱን አንስታ ነቀነቀችው። ሳቀች።

"ይሄ ነው እርጥቡ? ኧረ ዩላሊ! እንደ ሕፃን መጫወቻ እኮ ነው የሚንኳኳው።"

"የቱ?"

"አራቱም!"

ተቀበልኳት። በቀኝ ጆሮዬ... ምንም። በግራ... ምንም።

"አትቀልጂብኝ" አልኩ።

ኤዝሚ መሳቋን ተወች። ተነሥታ ማንቆርቆሪያውን ከእሳቱ አወረደች። ሲያፏጭ ቆይቷል ለካ። ከዚያ ገውዙን መዳፌ ላይ አድርጋ ጣቶቼን ጨበጠቻቸውና እጄን በእጇ ነቀነቀችው። ያኔ አወቅሁት። በጆሮዬ አይደለም። ፍሬው መዳፌን መታ... መታ... ዕንቁላል ውስጥ እንዳለ ጫጩት።

አርባ አንድ ዓመት ከመፈልፈያው ማሽን አጠገብ። ምን ጆሮ ሊተርፈኝ ኖሯል?

ዝናቡ። ቄሱ። ዶርካስ።

ባርኔጣዬን አድርጌ ዶርካስ ቤት ሄድኩ። ልብስ ታሰጣ ነበር። ነገርኳት። አልገረማትም።

"ከመጡበት ሳምንት ጀምሮ አውቄዋለሁ፣ እትዬ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

ቀረብ አለች። ድምፅዋን ከፍ አደረገች፣ ግን አልጮኸችም። "ልነግርዎ ሞክሬ ነበር። ሴቶቹ ሳቁ። የሳቁት በእርስዎ መሆኑ ሲገባኝ ተውኩት። ትሪ መልሶ ማስጣት ምን አለው? ፀሐዩ እንደሆነ የእግዜር ነው።"

"ትቅር ብዬ ጽፌብሻለሁ።"

እጇ እርጥብ ልብስ እንደያዘ ቀረ።

"እሱን አላወቅሁም" አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ።

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ልብሱን አስጥታ ስትጨርስ ከቤት ወንበር አወጣችልኝ። "ይቀመጡ። ፀሐይ ላይ አይቁሙ" አለች። ከዚያ አንድ ሳህን ገውዝ አመጣች፤ ግማሹ ደረቅ፣ ግማሹ እርጥብ። እሷ ታቀብለኛለች፣ እኔ በመዳፌ እለያለሁ። ከሃያው አንድ ብቻ ሳትኩ። "ሚስ ፒልግሪም አንዱንም አትምርም ነበር" አልኳት። "እኔ ሚስ ፒልግሪም አይደለሁም" አለችኝ። እየሳቀች ነበር... ዓይኗ ገና ሳይደርቅ።

ነገ መጀመሪያ፦ አቶ ኦገስቲን ሳይከፍት በሩ ላይ መቆም። ወረቀቴን መቀበል፣ እፊቱ መቅደድ። ጥፋቱ የጆሮዬ መሆኑን በገዛ አፌ መንገር፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሳይሰማው። ሦስቱን ጠዋት ከነሳኝ ይንሳኝ፤ የዶርካስን እንጀራ ግን አይነካም።

ከዚያ ክሊኒክ ደውዬ ቀጠሮ መያዝ። አይ... ስልኩን ኤዝሚ ትደውል። ድስቷን አጥቦ መመለስ።

ከክሊኒኩ በፊት ግን፣ ሴቶቹ ሁሉ ጠረጴዛው ዙሪያ ሲሰበሰቡ ቀጥ ብሎ መቆም። ዶርካስን ይቅርታ መጠየቅ። ጮክ ብዬ። እኔም እንድሰማው።