ለፀሐይነሽ የተዘረጋ ኮባ

ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.
አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ

ይድረስ ለውድ ባለቤቴ ለፀሐይነሽ
ሜልቦርን

ፀሐዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ልጃችን ኣርያም፣ ባሏና ትንሹ አብኔዘር ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ዓይኔም ደህና ነው። ይኸው በራሴ እጅ እየጻፍኩልሽ ነው። መስመር ከሳትኩ በዓይኔ እንዳትፈርጂ፤ ጥፋቱ የዚህ ጠረጴዛሽ ነው፣ አንድ እግሩ ዛሬም ይንገዳገዳል።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን ያደርጋል እንዳትይኝ። ስልኩማ መቼ ያንቺ ሆነና! በደወልኩ ቁጥር ድምፁ ለቤተሰቡ ሁሉ ተከፍቷል፤ ኣርያም ከወዲያ ክፍል “አባዬ፣ ሰላም ነው?” ትላለች፤ አብኔዘር ደግሞ ስልኩን ይልሰዋል። እኔ የማየው የልጅ ምላስ ነው። በዚህ መሃል ሰው ለሚስቱ ምን ብሎ ይናገራል? የጎረቤታችን ልጅ ፀጋ በሚቀጥለው ሳምንት ወደናንተ ስለምትመጣ በርበሬውንና ሽሮውን ስትይዝ ይህንንም በእጅሽ እንድትሰጥሽ አደራ ብያታለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገርሽ። ኣርያም ባለፈው ሳምንት ደውላ፣ “ለእማዬ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ልናመለክትላት ነው፤ የጋብቻ ወረቀታችሁን ላክልን” አለችኝ። ቀጥላም “አንተንም ቀስ ብለን እናመጣሃለን” ብላ አጽናናችኝ። ሶፋ ነኝ እንዴ እኔ? “እሺ፣ እፈልገዋለሁ” ብዬ ዘጋሁት። ወረቀቱ የሚፈለግ ሆኖ አይደለም፤ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ከነጠላሽ ሥር እንዳስቀመጥሽው አውቃለሁ። ግን አንቺ ለሦስት ወር አራስ ልትጠይቂ ሄደሽ፣ አራሷ ሥራ ገባች፣ ልጁም በእግሩ ሄደ፤ እኔም “ትንሽ ቀን ነው” እያልኩ ጠበቅሁ። አሁን “ቋሚ” የሚለውን ቃል ከአንቺ አፍ ሳይሆን ከልጅሽ አፍ መስማቴ ከነከነኝ። ፈልገሽው ነው ወይስ እነሱ ፈልገውልሽ ነው? እኔ ማወቅ የምፈልገው ይህንን ብቻ ነው።

መልስ ከመስጠትሽ በፊት ግን፣ ለዓይኔ ሕክምና ሄጄ ሕንድ አገር የሠራሁትን ጉድ ስሚኝ። በስልክ “ቀዶ ሕክምናው በሰላም አለቀ” ብዬሽ ዝም አልኩ። በሰላም ማለቁስ አለቀ፤ ሐኪሙ ግን “ዓይንህ ውስጥ ያስገባነው አየር እስኪጠፋ አውሮፕላን መሳፈር አትችልም” ብሎ እዚያው ቼናይ ከተማ አስቀረኝ። ያረፍኩበት ቤት በበሽተኛ የተሞላ ነው፤ ሁሉም አስታማሚ አለው። የአንዱ ሚስት አንገቱን ደግፋ ጠብታ ታደርግለታለች፣ የሌላው እህት ሙዝ ትልጥለታለች። እኔ ጠብታዬን ለራሴ ሳደርግ ግማሹ ጉንጬ ላይ ይቀራል። አንድ ቀን ከተነሣሁ ጀምሮ እስከ ማታ ከማንም ጋር አንዲት ቃል እንዳልተለዋወጥኩ ትዝ ሲለኝ ፈራሁ። እውነቴን ነው፣ ከቀዶ ሕክምናው ይልቅ ያንን ፈራሁ።

እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ሁኔታዬን አይታ ነው መሰል፣ “እዚህ ጎረቤት አንዲት እናት በቤታቸው ለመንገደኛ የደቡብ ሕንድ ምግብ አሠራር ያስተምራሉ፤ ለምን አይሞክሩም?” አለችኝ። እኔን! ሻይ ሲያፈላ ማንቆርቆሪያ ያሳረረ ሰው! ብትሰሚ ጎንሽን ይዘሽ ትስቂ ነበር። ቢሆንም ሄድኩ። ሰው ያለበት ቤት መግባቱ ብቻ ይበቃኝ ነበር።

ሴትየዋ ወይዘሮ ሰሮጃ ይባላሉ። በዕድሜ ከእኔ አይርቁም፤ ባላቸው ካረፉ ቆይተዋል። ሲያዩአቸው ንፋስ የሚወስዳቸው ይመስላሉ፣ ሲቆጡ ግን የሻለቃ ድምፅ ነው ያላቸው። ተማሪዎቹ አንድ ጀርመናዊ ከነሚስቱና እኔ ነበርን። ወጥ ቤት ሲገባ ጫማ ይወለቃል አሉን፤ ይህንን ፈተና ቤተ ክርስቲያን ስለለመድኩት በደንብ አለፍኩ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን አትጠይቂኝ። ሽንኩርት ክተፍ ብለው ቢላዋ ሰጡኝ፤ አንድ ዓይኔ ተሸፍኗል፣ ሌላው በሽንኩርቱ ያለቅሳል። ጀርመናዊው ጣቴን እያየ ላብ አጠመቀው። በኋላ ሰሮጃ ቢላዋውን ቀሙኝና “አንተ አማስል” አሉኝ።

ዶሳ የሚሉት አላቸው። ሩዝና ጥራጥሬ ፈጭተው፣ አቡክተው የሚያሳድሩት ነው፤ ሲቦካ ሽታው ሳይቀር የእኛን ሊጥ ይመስላል። “ይህንንማ አውቃለሁ!” አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። አንቺ ስትጋግሪ እንዳየሁት ከዳር ጀምሬ እያዞርኩ ወደ መሃል ባፈስሰው፣ ሰሮጃ እሪ አሉ! ለካ የነሱ መሃል ላይ ፈስሶ ነው እየተዞረ ወደ ዳር የሚሳሳው። የእኔ ዳሩ አሮ መሃሉ ሊጥ ሆነና ለቁራ ተሰጠ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከአንቺ ያየሁት አንድ ሙያ ቢኖር እሱ ነበር፤ እሱም እንዲህ አዋረደኝ።

ደግሞ ለማንም እንዳትነግሪ፤ እዚያ አገር ሥጋ የማይገባበት ምግብ ቤት በየበሩ ነው። “ይህ አገር ለጾመኛ የተፈጠረ ነው” እያልኩ ረቡዕም ዓርብም ስበላ ሰነበትኩ። አንድ ዓርብ ሰሮጃ በትኩስ ሩዝ ላይ አንድ ነገር አፈሰሱ። “ምንድን ነው?” ብላቸው፣ “ቅቤ ነዋ! ያለ ቅቤ ሩዝ ይበላል?” አይሉኝም! ለንስሐ አባቴ እስካሁን አልተናገርኩም። ሲመቸኝ እናገራለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ትምህርቱ ሲያልቅ የሠራነውን እዚያው እንበላለን። መሬት ላይ ተቀምጠን፣ በሙዝ ቅጠል ላይ፣ በቀኝ እጃችን። ጀርመኖቹ ሩዙ ከጣታቸው እየሾለከ ሲቸገሩ እኔ በዚህ እንኳ አልታማሁም። ሰሮጃ ግን ቆመው ያስተናግዱናል እንጂ አይበሉም፤ ባለቤት ከእንግዳ በኋላ ነው የሚበላው። አስቢው ፀሐዬ፣ ያበሰሉ ሴት ቆመው እኔ ስውጥ! አላስችል አለኝ። ሩዙን በወጡ አሽቼ፣ ጠቅልዬ፣ ብድግ አልኩና “በሞቴ!” ብዬ ወደ አፋቸው ዘረጋሁ።

ሴትየዋ ወደ ኋላ አፈገፈጉ። ለካ በእሳቸው ቤት ሥርዓት፣ ሲበላበት የነበረ እጅ ሌላ ሰው አፍ ዘንድ አይደርስም፤ ነውር ነው። እኔ መች አውቄ! የጀርመናዊው ሚስት ፊቷ ቲማቲም መሰለ። ጉርሻዬ አየር ላይ ቀረች፤ መመለስም አልቻልኩ፣ መጣልም አልቻልኩ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ “በእኛ አገር ለምንወደው፣ ለምናከብረው ሰው ነው” አልኳቸው። ከዚያ መዳፋቸውን ጠበል እንደሚቀበል ሰው ከእጄ ሥር ዘረጉ። አስቀመጥኩላቸው። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው በሉት። ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። “እናቴ ሩዙን በትልቅ ሳህን አሽታ ለእያንዳንዳችን መዳፋችን ላይ ታስቀምጥልን ነበር። ከእሷ ወዲህ ያጎረሰኝ የለም” አሉኝ።

ልጆቻቸው ሲንጋፖር ናቸው። ትምህርቱንም የሚሰጡት ለብቻቸው ማብሰል ስለሰለቻቸው መሆኑን ነገሩኝ። ቀጥለው “ሚስትህስ?” አሉ። “ለጥምቀት ትመለሳለች” አልኳቸው። ፀሐዬ፣ እንዲህ አላልሽኝም። ከአፌ እንዲሁ ወጣ፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ እኔው ራሴ አመንኩት።

በልቼ ስጨርስ፣ ጨዋ ልምሰል ብዬ ቅጠሉን ከእኔ ወደ ፊት አጠፍኩት። ሰሮጃ ጎንበስ ብለው ዘረጉትና ከወዲያ ወደ እኔ መልሰው አጠፉት። “ወደ ራስህ ነው የሚታጠፈው፤ ጠግቤአለሁ፣ ተመልሼ እመጣለሁ ማለት ነው። ወደ ውጭ የሚታጠፈው ለቅሶ ቤት ነው፤ እንዲህ ያለ ማዕድ አይደገም ለማለት” አሉኝ። ይህን ነገር አልረሳሁትም።

ከዚያማ መጣሁ። ቦሌ ስወርድ ሰው ሁሉ አበባ ይዞ ዘመዱን ይጠብቃል፤ እኔን የጠበቀኝ ባለታክሲ ነው፣ እሱም “የት ጋ ነህ?” እያለ በስልክ ሲቆጣኝ ነበር። በቦሌ መድኃኔዓለም ስናልፍ ባንቺም በእኔም ስም ተሳለምኩ። ቤቱን ስከፍተው ነጠላ ጫማሽ በሩ ሥር እንዳስቀመጥሽው ነው፤ አላነሣሁትም። ሻንጣዬን ይዤ ቆሜ “መጣሁ” አልኩ። ለማን እንደሆነ እንጃ።

አሁን ቀን ቀን አበስላለሁ ብልሽ ታምኛለሽ? ሰሮጃ ቅመሙን በከረጢት ሞልተው ሰጥተውኛል። እነሱ ወጡ ከበሰለ በኋላ ነው ሰናፍጭ በጋለ ዘይት አንጣጥተው ላዩ ላይ የሚደፉት። ያን ጣጣጣ የሚል ድምፅ እወደዋለሁ፤ ወጥ ቤቱ ውስጥ አንቺ ያለሽ ይመስለኛል። አንዳንዴ ባይርበኝም አንጣጣለሁ።

ትናንት እሑድ ባለሱቁን ሙክታርን ምሳ ጠራሁት። ለዳቦ ብለሽ የተከልሽው ኮባ ከአጥሩ በላይ ሆኗል፤ የሙዝ ቅጠል ከየት አባቴ አመጣለሁ፣ ከእሱ ቆረጥኩ። ሙክታር የእንሰት አገር ልጅ አይደል፣ “ጋሽ ገብረእዝጊ፣ እንዲህማ ይሰነጠቅብዎታል” ብሎ እሳት ላይ ለብ ለብ አድርጎ አለሰለሰልኝ። ዶሳውን አንሥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘርግቶ አየና “ይሄ የሚበላ ነው የሚጻፍበት?” አለኝ። ምን ይላል ይሄ! ሦስት በላ።

ሦስት ቅጠል ነበር የዘረጋሁት። ሙክታር ሦስተኛውን አይቶ “ሰው ይመጣል እንዴ?” አለኝ። “የፀሐይነሽ ነው” አልኩት። ሳቅ መሰለኝ ሊመጣበት የነበረው፣ ፊቴን አየና ተወው። ለሁለታችን ሳያወጣ እጁን ዘርግቶ ባንቺ ቅጠል ላይ ትንሽ ሩዝ አደረገ። ስንጨርስ አጠፋፉን አሳየሁት፤ እሱም እኔም ወደ ራሳችን አጠፍን። “የእትዬስ?” አለኝ።

ፀሐዬ፣ ናፍቀሽኛል። ይህን በስልክ፣ ልጅ ሲሰማ፣ አማች ሲሰማ መናገር አቃተኝ እንጂ ሌላ ምንም አልነበረም። ልጃችን እንደምትፈልግሽ አውቃለሁ፤ አብኔዘርም ካንቺ ጉያ እንደማይወጣ አያለሁ። እነሱ ጋ ብትቀሪ አልቀየምሽም ብል ግን መዋሸት ይሆናል፤ እቀየማለሁ። ተቀይሜም እጠብቅሻለሁ። አንቺ ግን መምጣት ከፈለግሽ፣ ሆድሽ እዚህ ከሆነ፣ በማንም ይሉኝታ እንዳትቀሪ። ነይልኝ። ጥምቀት ገና ነው፤ ይደረሳል።

የጋብቻ ወረቀታችን ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ። ዋናው ነው። ለኣርያም በስልክ ፎቶ አንሥቼ መላክ እችል ነበር፤ በእጅሽ እንዲገባ ብዬ ነው። ለልጅሽ ትሰጫት እንደሆነ፣ ወይ ይዘሽው ትመለሺ እንደሆነ፣ ውሳኔው ያንቺ ነው። የትኛውንም ብታደርጊ ግን ከአንቺ አፍ ልስማው።

መድኃኔዓለም ጉልበትሽን ያበርታልሽ፤ ለኣርያም ዕድሜ፣ ለልጁ ዕድገት ይስጥልኝ። አብኔዘርን ስልኩን መላስ ትቶ አንድ ቀን “አያቴ” እንዲለኝ አስተምሪልኝ።

ባልሽ
ገብረእዝጊ

ይህንንም ልጨምር፦ የሙክታርንና የእኔን ቅጠል ጣልኩ። ያንቺ ግን ሩዙ ደርቆበት ይኸው አጠገቤ አለ። ወደ ውስጥ ላጥፈው ብል አንቺ አልበላሽም፤ ወደ ውጭ ማጠፉን ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። እንደተዘረጋ ነው።