ሦስት ቀለም፣ ሦስት ቻርጀር

ጥቅምት 6

ሱቁን ቀደም ብዬ ዘጋሁ። ጨርቅ የሚገዛ ጠፋ። ገዢ ሲጠፋ ደግሞ እኔው ገዢ እሆናለሁ… ልማዴ ነው።

መሣሪያ ሻጩ ግሩም ዘንድ ሄድሁ። ባለ ባትሪ መሰርሰሪያ ቅናሽ ላይ ነው አለኝ። ቤት አረንጓዴ እንዳለኝ ነገርሁት። "ይሄ እኮ ሰማያዊ ነው" አለ። እንዲህ ያለ ማስረጃ ማን ይቃወማል? ገዛሁ። ባለፈው ለመኪናዬ ጎማ ይሆናል ብዬ ያመጣሁት ባለ ባትሪ መፍቻ ደግሞ ብርቱካናማ ነው።

ቤት ገብቼ ሦስቱን ጠረጴዛ ላይ ደረደርኋቸው። የአንዱ ባትሪ ለሌላው አይገባም። ገፋሁ፣ አዞርሁ፣ በመዳፌ መታሁ፣ ቢስሚላህ አልሁ… እምቢ። ሦስት ቻርጀር፣ አንድ ሶኬት። መብራቱም እንደ እንግዳ ነው፤ ሲያሰኘው ነው የሚመጣ።

ባለቤቴ ተቅዋ በር ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየች።

"ሦስት ሚስት አገባህ ማለት ነው" አለች። "አንዷ የሌላዋን ደጃፍ አትረግጥም።"

እንዲህ ያለ ምላስ ያላት ሴት ማን ያገባል? እኔ።

ጥቅምት 9

ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ሙሀመድሰዒድ ከወረታ ለምሳ ይመጣሉ ተባለ። የሳሎኑን መጋረጃ ዘንግ ለመስቀል ተነሳሁ። መብራት የለም። ታዲያ ምን ቸገረኝ? ባለ ባትሪ ነኝ!

ሰማያዊው አልሞላም። አረንጓዴው ሞልቷል ግን አርጅቷል፤ ሁለቴ ያጉረመርምና ያንቀላፋል። የሆነው ሆኖ በሳሁ። የኛ ግድግዳ ውስጡ ብሎኬት ሳይሆን ሃላዋ ነው መሰለኝ፣ ቀዳዳው ሰፍቶ ሰፍቶ ድመት ሊያሾልክ ምንም አልቀረው። ጄሶ ጠቅጥቄ ሰቀልሁት።

ጋሼ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያነሱ ዘንጉ ከነመጋረጃው ወረደባቸው።

"ሙአዊያ" አሉ ከመጋረጃው ሥር ሆነው፣ "መብራት አብራልኝ፣ መሸ መሰለኝ።"

ጥቅምት 14

ከሱቅ ስመለስ ዘንጉ ተሰቅሏል። ጎተትሁት። ንቅንቅ አላለም።

"ማንን አስመጣሽ?"

"ማንንም።"

ግድግዳውን በጣቷ እያንኳኳች ባዶውን ትታ ጠጣሩ ላይ ነው የበሳችው። "አንተ የምታየውን ቪዲዮ እኔም አያለሁ" አለች። "አንተ መሣሪያውን ታያለህ፣ እኔ የሚሠራበትን እጅ።"

ኩራቷ የዘለቀው ግን እስከ መታጠቢያ ቤት ነው። ለፎጣ መስቀያ ስትበሳ የውሃ ቧንቧ አገኘች። ውሃው እስከ ኮርኒስ። እሷ ዋናውን ልትዘጋ ስትሮጥ እኔ ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ወትፌ፣ በስብሼ፣ ቆሜ… አልሃምዱሊላህ፣ እኩል ሆንን።

ጥቅምት 22

ሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳብን። ብርቱካናማውን በክብር አወጣሁ። ትርርርር አለ። ዳዶው አልሰማውም። ለቁም ሳጥን ብሎን የተሠራ ነው ለካ! ተራውን የጎማ መፍቻ ገጥሜ በሁለት እግሬ ስዘልበት ጣናም አየኝ፣ ዳር ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣውም ሁሉ አየኝ።

ተቅዋ ከመኪናው ሳትወርድ በመስኮት፦ "መጀመሪያ የሚመረጠው እኮ ባትሪው ነው። መሣሪያው ይከተለዋል።"

መካሪ አላጣሁም።

ጥቅምት 25

ሦስቱ ሚስቶቼ ተፈቱ። ተቅዋ ራሷ ግሩም ዘንድ ሄዳ ለወጠቻቸው። መሰርሰሪያ፣ የጎማ መፍቻ፣ የብረት መቁረጫ… ሁሉም አንድ ዓይነት ባትሪ ይጎርሳሉ። ሁለት ባትሪ፣ አንድ ቻርጀር። ቀለሙ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። አላየሁትም አለች።

ኅዳር 3

የጎረቤታችን የእትዬ ጽጌ በር ቁልፉ ተበላሸ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ነው የሚኖሩ። "ባለፈው የመጣው ሠራተኛ ቁልፉን ትቶ ዕቃዬን ሲያይ ዋለ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም" አሉ። ተቅዋ ሄዳ ቀየረችላቸው። እሳቸው ለማኅበራቸው ነገሩ፤ ማኅበሩ ለሰፈራችን ለሹም አቦ ሴት ሁሉ ነገረ። አሁን ስልኳ አያርፍም። መደርደሪያ፣ መጋረጃ፣ ማጠፊያ… የማያውቁት ወንድ ቤታቸው እንዲገባ የማይፈልጉ ሴቶች ይህን ያህል መሆናቸውን ማን ያውቅ ነበር? እነሱ ያውቁ ነበር።

"ኢንጂነር ተቅዋ፣ ዛሬ እራት አለ?" አልኋት።

"ድስቱ ባትሪ አይፈልግም። አንተ ጣደው።"

ጣድሁት። አረረ።

ኅዳር 12

ጋሼ ደወሉ። ሳቅ የለም ዛሬ። "ሚስትህ በየሰው ቤት እየዞረች ግድግዳ ትበሳለች አሉ። ምን አጥታ ነው? የአባታችን ስም እንዲህ ይነሳ?"

ነገርኋት። ቀልድ አልጨመርሁበትም። "ይበቃል፣ ተይው" አልሁ።

"አንተ ነህ ወይስ ጋሼ?"

"ሁለታችንም።"

መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ጠረገች። ቦርሳው ውስጥ ከተተች። ቦርሳውን አልጋ ሥር ገፋችው። "እሺ" አለች።

ኅዳር 13

እሺ።

ኅዳር 14

አሁንም እሺ። ሻይ ላፍላ? እሺ። ሱቅ ልሂድ? እሺ። የቤት ራስ መሆን እንዲህ ያስደስታል እንዴ…

ኅዳር 17



ረፋዱ ላይ ጩኸት ሰማን። ከኛ ሁለት ቤት አልፎ ያለችው ነፊሳ ናት። ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯ ገብቷል። ባሏ ሰላህ ለንግድ ቁንዝላ ሄዷል። ቤት ውስጥ አዳልጧት ወድቃ መነሳት አቃታት። የብረት በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ መስኮቶቹ ሁሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው።

የሰፈሩ ወንድ ደጃፏ ላይ ተሰብስቧል፤ እኔም አለሁበት። በትከሻው የሚገፋ፣ በድንጋይ የሚደበድብ፣ ምክር የሚሰጥ… ምክር ሰጪው ይበዛል። የብየዳ ቤቱ ሰው መቁረጫውን ተሸክሞ ደረሰ። መብራት የለም። ገመዱን ይዞ ቆመ።

የነፊሳ ድምፅ እየቀጠነ መጣ። "ደም አለ…" አለች ከውስጥ። ከዚያ ዝም።

ዞር ስል ተቅዋ ከኋላዬ ቆማለች። ዓይኔን ነው የምታየው። ተይ ያልኋት እኔ አይደለሁ?

ሮጥሁ። ቦርሳውን ከአልጋው ሥር ጎትቼ አምጥቼ እጇ ላይ አኖርሁት።

"ኧረ አንተ ቁረጠው እንጂ!" ብሎ አንዱ ጮኸብኝ።

"እኔ አልችልም። እሷ ናት የምትችለው። ዘወር በሉ!"

መነጽሯን አደረገች። በበሩና በክፈፉ መካከል ባለው ክፍተት መቀርቀሪያውን ትቆርጠው ጀመር። የእሳቱ ፍንጣሪ ሻርፗ ላይ ይዘንባል። ግማሽ ላይ ባትሪው አለቀ። ሰው ሁሉ "ወይኔ!" አለ። ሳትዞር እጇን ወደ ኋላ ዘረጋች። ከመሰርሰሪያው ላይ ነቅዬ አቀበልኋት። ገጭ አለ። ገባ።

በሩ ተከፈተ።

ነፊሳን በኔ መኪና ሆስፒታል አደረስናት። ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ… አለች ሐኪሟ፣ አልጨረሰችውም። ሴት ልጅ ተገላገለች። ሁለቱም ደኅና ናቸው፣ አልሃምዱሊላህ።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ፣ "ያን ቀን ተይ ማለቴ…" አልሁ።

"ጨርሰው" አለች።

ጨረስሁት።

ኅዳር 20

ጋሼ ደወሉ። ወሬው ወረታ ደርሷል። መከራከሪያዬን አዘጋጅቼ ጠበቅኋቸው። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንደው… የኛ የጓዳ በር አልገጥም ብሎ ነበር። መምጣታችሁ ካልቀረ…"

የአባታችን ስምስ? አልሁ በሆዴ። በአፌ "ኢንሻአላህ" አልሁ። አንዳንድ ቀልድ ሳይነገር ነው የሚጥም።

ታኅሣሥ 4

ዛሬ ወደ ወረታ ጉዞ። ሐሙሲት ላይ ለሻይ ወረድን። ተቅዋ ለጋሼ ቤት ቲማቲም ልግዛ ብላ ወደ ገበያው ተሻገረች። አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ በመኪናው መስኮት የመሣሪያውን ቦርሳ አይተው ኖሮ፣

"ባለሙያ ነህ ልጄ?" አሉኝ።

"የለም፣ ሹፌሩ ነኝ።"

"ባለሙያው ታዲያ የት ሄደ?"

"ያቻት፣ ቲማቲም የምትመርጠው። ባለቤቴ ናት።"

ሽማግሌው ሳቁ። ሻይ የምትቀዳዋም ሳቀች። "ይሄ ቀልደኛ!" አሉና ትከሻዬን መቱኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ ስቀልድ ኖሬ እንዲህ የሳቀልኝ ሰው የለም። ዛሬ ግን አልቀለድሁም።