እኩል የተከፈለ ኪኒን

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ሁለቱም ተሻሽለዋል። አላመንኩም፤ ደግሜ ለካሁ። ጋሼ ወልዴ አውራ ጣታቸውንና ሌባ ጣታቸውን እያገናኙ ሲለያዩ ካለፈው ወር ፈጠን ብለዋል። ሐጂ ሰይድ ከወንበር ተነስተው እስከ በሩ ደርሰው ሲመለሱ እግራቸው መሬት ላይ ተጣብቆ አልቆመባቸውም። መሻሻላቸውም በአንድ ልክ ነው። ቁጥሩን ስጽፍ ፈገግ አልኩ። በዚህ የምርመራ ክፍል ውስጥ ፈገግ ካልኩ ሰንብቷል።

ፓርኪንሰን የሚባለው በሽታቸው ፈገግታም ይወስዳል። ፊት ይደርቅና ሰውየው የተቆጣ ይመስላል። ጋሼ ወልዴ በዚያ በደረቀ ፊታቸው ፉገራ ሲያመጡ ሰው መቀለዳቸውን የሚያውቀው ቆይቶ ነው።

ወደ መድኃኒት ጥናቱ ለሚገባ አዲስ ተሳታፊ የማደርገውን ንግግር በእንቅልፍ ልቤም እወጣዋለሁ። እጅዎ አልታመመም፤ እጅዎን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ነው የተዳከመው። እዚያ ዶፓሚን የሚባለውን ነገር የሚያመርቱ ሕዋሳት አሉ። እነሱ ቀስ በቀስ ሲሞቱ ትእዛዙ ይዘገያል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ያጥራል። የድሮ መድኃኒትዎን አያቋርጡም፤ በላዩ ላይ አዲስ ኪኒን እንጨምርልዎታለን። ከተሳታፊዎቹ ግማሹ እውነተኛውን ይወስዳል፣ ግማሹ መልኩ ያው የሆነ ባዶ ኪኒን ይወስዳል። የቱ ለማን እንደደረሰ እርስዎም፣ እኔም፣ ዶክተሩም አናውቅም። ሰው መድኃኒት ወሰድኩ ብሎ ስላመነ ብቻ የሚሻለው ጊዜ አለ፤ እኔም እውነተኛው ደርሶታል ብዬ ካሰብኩ እጄ ወደ ጥሩው ቁጥር ያደላል። ስለዚህ ሁላችንም ዓይናችን ተሸፍኖ እንሠራለን።

ያኔ ሲመዘገቡ ሐጂ ይህን ሰምተው "ዕጣ ነው በይኛ" አሉ። ጋሼ ወልዴ ደግሞ "የኔ ዕጣ ከሆነ ባዶው ነው፤ ከዕጣዬ ጋር ስድሳ ዓመት እንተዋወቃለን" ብለው አሳቁን።

ጋሼ ወልዴ ፒያሳ ወርቅ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ሐጂ ልብስ ሰፊ ነበሩ። አርባ ዓመት አንድ ግድግዳ ተጋርተው ኖረዋል። ሰፈሩ ሲፈርስ ሐጂ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገቡ፤ ጋሼ ወልዴ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ አንድ ክፍል ተከራዩ። በቀጠሮ ቀን ሐጂ ድልድዩ ጋ ከታክሲ ይወርዳሉ፣ ጋሼ ቆመው ይጠብቋቸዋል፣ ከዚያ ተደጋግፈው ዳገቱን ይወጣሉ። ደንቡ እያንዳንዱን ለየብቻ አነጋግሪ ይላል። እኔ ግን አንዱን ኮሪደር ላይ ማቆም ስለሚከብደኝ ሁለቱንም አንድ ላይ አስገባለሁ። እውነቱን ለመናገር ጊዜም ይቆጥብልኛል።

ስድስት ሰዓት ላይ ማኪያቶ ልጠጣ ኬክ ቤት ገባሁ። ሁለቱ ጥግ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀምጠዋል። ጠዋት የሰጠኋቸው ሁለት ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ ተከፍተዋል። ጋሼ ወልዴ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ኪኒኖቹን በትንሽ ሳህን ላይ ይደለድላሉ፤ ከዚህኛው አንድ፣ ከዚያኛው አንድ። ሐጂ አጠገባቸው ሆነው ይቆጥራሉ።

ሳላዝ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ሐጂ ሰው ፍለጋ በየቀኑ ማለት ይቻላል ፒያሳ ይመጣሉ። ዛሬም እዚያው ኬክ ቤት አገኘኋቸው፤ ጋሼ ወልዴም አሉ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና "ትናንት አይቻችኋለሁ" አልኩ።

አልካዱም። የመካድ ሐሳብም ያላቸው አይመስሉም። ሐጂ እንደ ደህና ነገር አስረዱኝ። "አንዳችን ባዶው ቢደርሰን፣ አንዱ እየዳነ አንዱ ሲወድቅ ሊያይ ነው። ምኑን ጎረቤት ሆንነው?" ጋሼ ወልዴ ቀጠሉ፦ "ብንካፈለው ለሁለታችንም ግማሽ ግማሽ ይደርሰናል። ሒሳቡ ይኸው ነው ልጄ።"

ከመቼ ጀምሮ? ከመጀመሪያው ወር። አራት ወር ሙሉ። በየወሩ የተረፈውን ኪኒን ስቆጥር አንድም ተዛንፎ አያውቅም፤ እንዴት ይዛነፍ፣ የቆጠሩት ወርቅ ሠሪና ልብስ ሰፊ ናቸው።

ቀስ ብዬ ነገርኳቸው። መድኃኒቱ የሚረዳ ከሆነ ባዶ የደረሰው ሰውም ከእውነተኛው ስለሚወስድ ይሻለዋል። እኛ ሁለቱን እናስተያይና ልዩነት የለውም እንላለን። ጥሩ መድኃኒት እጃችን ገብቶ አይረባም ብለን ልንጥለው እንችላለን። ሐጂ "ይህን ቀድመሽ አልነገርሽንም" አሉ።

እውነታቸውን ነው። አትርሱ፣ አትጣሉ፣ ሕፃን እንዳያገኘው ብያለሁ። ለሰው አትስጡ አላልኩም። በየወሩ የምሞላው ቅጽም አይጠይቅም። ያመለጠዎ ኪኒን አለ? የጠፋ አለ? ወስደው ያስመለሰዎ አለ? እዚያ ላይ ያበቃል። ቅጹ ከውጭ መጥቶ ወደ አማርኛ ሲመለስ እኔም ነበርኩበት። ስለ ቃላቱ ሁለት ሳምንት ተከራክረናል። ሰው መድኃኒቱን ከጎረቤቱ ጋር ይካፈላል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ በሰፈሬ የደም ግፊት ኪኒን ሳይቀር በትውስት እንደሚዞር የማውቀው እኔ እንኳ።

ስነሳ ጋሼ ወልዴ "ታስወጪናለሽ?" አሉ። አላውቅም አልኩ። ዋሸሁ። ደንቡን አውቀዋለሁ፤ ኪኒን ለሌላ የሰጠ ኪኒኑ ይቆምበታል። ኪኒኑን እንደ ደንቡ እስከ መጨረሻው ለወሰደ ሰው፣ መድኃኒቱ ጥሩ ሆኖ ከተገኘ በነጻ እንደሚቀጥልለት ቃል ተገብቷል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከቤታቸው ወጥተው ዳገት የሚወጡት ለዚያ ቃል ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ደክሞኛል። እግሬን ውኃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው።

ብናገር፦ ሁለቱ ይወጣሉ። አንድ ላይ ማስገባቴም ይወጣል። ውሌ ጥር ላይ ነው የሚታደሰው።

ባልናገር፦ ማንም አያውቅም።

ከሰዓት በኋላ ከተሳታፊዎቹ አንዷ፣ ሮማን፣ መጣች። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ አስተማሪ ነች፣ ቀኝ እጇ ነው የሚንቀጠቀጠው። ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ተማሪዎቹ እንዳያዩባት በግራ እጇ መጻፍ ተለማምዳለች። ሁልጊዜ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "መቼ ነው ውጤቱ የሚታወቀው?" ዛሬም ጠየቀችኝ። ዓይኗን ማየት አቃተኝና መሳቢያ ከፍቼ የሌለ እስክሪብቶ ፈለግኩ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ተቆጣጣሪዋ መጣች። ጥናቱ በደንቡ መሠረት መሄዱን የምታጣራው እሷ ናት፤ ፋይል በፋይል፣ ፊርማ በፊርማ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገብታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምሳ እንኳ አልበላችም። የጋሼ ወልዴን ፋይል አነሳች። ገለጠች፣ ቆጠረች፣ ዘጋች። የሐጂን አነሳች። ዘጋች።

ስትወጣ "የኪኒን አያያዝሽ ካየኋቸው ሁሉ የጠራ ነው" አለችኝ። አመሰገንኳት። መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ ለራሴም ግልጽ አይደለም፤ ስለሁለቱ ይሁን፣ ስለ ሮማን ይሁን፣ ወይ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የነርስነት ሥራዬ የተመሰገንኩት በሐሰት ወረቀት ስለሆነ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሲታጠን። ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን አጥር ሥር እያቃጠለ ነው። ከቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስመጣ ጭሱ ዓይኔን አቃጠለኝ፤ ታክሲ ውስጥ ያለው ሁሉ ያስላል። ወረርሽኝን ለማባረር የተጀመረ ነገር ነው ይባላል። በዚህ ጭስ የሚባረር በሽታ ቢኖር ክፍሌን ሙሉ አጥነው ነበር።

ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የጥናቱ ኃላፊ ዶክተር ሄኖክ ቢሮ ገባሁ። ቁጭ ካልኩ እንደማልናገር አውቄያለሁ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሳህኑን፣ አራቱን ወር፣ አንድ ላይ ማስገባቴን፣ ትናንት ዝም ማለቴን። በዕድሜ ያንሰኛል። ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። "ትናንት ብትነግሪኝ ይሻል ነበር" አለ። አዎ አልኩ።

ከዚያ የሚሆነውን ነገረኝ። ከጥናቱ አይሰረዙም። ኪኒኑ ይቆማል እንጂ ምርመራው ይቀጥላል፤ ውጤታቸውም መጀመሪያ በተመደቡበት ወገን ይቆጠራል። ያልተመቸንን ሰው እያወጣን ከጣልን ጥናቱ የኛ ምኞት ይሆናል አለ። የሆነውን ግን በሪፖርት መጻፍ አለብኝ፤ እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ጠይቄ፣ የራሴንም ጥፋት ጨምሬ። በነጻ ይቀጥልላቸዋል የተባለውስ? ራሱን ነቀነቀ። ደንቡን ለጠበቀ ሰው ነው አለ።

ቀጥሎ ደግሞ "ሌሎቹስ?" አለኝ። ያን ጥያቄ ነበር የፈራሁት።

ቀኑን ሙሉ ለሌሎቹ ተሳታፊዎች ስልክ ስደውል ዋልኩ። ወቀሳ እንዳይመስል አድርጌ ጠየቅኩ። አብዛኞቹ የለም አሉ። አንዱ ወሎ ያለ የሚስቱ ወንድም እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ጥቂት እንደላከለት ነገረኝ። ደግነቱን እንጂ ሌላ አልታየውም።

ሮማንን መጨረሻ ላይ ደወልኩላት። "ለማን አካፍላለሁ ሲስተር" አለች። "መታመሜን ለማንም አልተናገርኩ።"

ይቺ ልጅ ደንቡን በትክክል ጠብቃለች። የጠበቀችውም ብቻዋን ስለሆነች ነው። ይህን የምጽፍበት ቅጽ የለኝም፤ እዚህ ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

የጠራኋቸው ጋሼ ወልዴና ሐጂ አራት ሰዓት ላይ መጡ። ብልቃጦቹን በፌስታል ይዘዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ደንቡ አንዱን ኮሪደር ላይ አስቀምጬ አንዱን አስገባሁ።

ጋሼ ወልዴ ቀደሙ። ኪኒኑ እንደሚቆም ነገርኳቸው። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። በሩ መዘጋቱን ዞረው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "እንግዲህ እንደ ሰው እናውራ። ሐሳቡ የኔ ነው። እሱ እሺ ያለኝ እንዳልቀየመው ብሎ ነው። የዋህ ነው፣ ታውቂዋለሽ። እኔን አስወጪኝና እሱን ተይው።" ጻፍኩ። ሲፈርሙ ፊርማቸው እንደ ጤፍ አንሶ ነበር፤ ይህ በሽታ ጽሕፈትንም ያሳንሳል። እጃቸውን ላግዝ ስል ተዪ አሉኝ።

ሐጂ ገቡ። እንዴት እንደምጀምር ሳስብ እሳቸው ጀመሩት። "አብሽሪ ልጄ፣ አትጨነቂ። ጥፋቱ የኔ ነው። ወልዴ አይሆንም ብሎኝ ነበር፤ ወላሂ እኔ ነኝ ያስቸገርኩት። እሱ ወደ ወርቅ ሥራው ልመለስ ብሎ ነው የሚመጣው። እኔ መርፌውን ድሮ ትቼዋለሁ። ስሜን አጥፊና የሱን አቆይለት።"

ጻፍኩ። ፈረሙ።

ከወጡ በኋላ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጬ አየሁ። ከሁለቱ አንዱ ዋሽቷል፤ ምናልባትም ሁለቱም። ሪፖርቱ ላይ ሐሳቡን ያመነጨው ማን ነው የሚል ቦታ አለ። "ሁለቱም እኔ ነኝ ብለዋል" ብዬ ሞላሁ። ከሥሩ የኔን ጻፍኩ፦ ተሳታፊዎቹን በአንድ ላይ ያነጋገርኩት እኔ ነኝ፤ ኪኒን ለሌላ መስጠት እንደማይቻልም አልነገርኳቸውም። ዶክተር ሄኖክ አንብቦ ፈረመ። ቅጹ ላይ የሚጨመረውን ጥያቄ እኔው እንድጽፈው ነገረኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩ። ሰውን ሳያሳፍር መጠየቅ ቀላል አይደለም።

የጥር ውሌ ነገር ምን እንደሚሆን አላውቅም። ዛሬ ግን ትከሻዬ ትንሽ ቀልሎኛል።

የሚቀጥለውን ምርመራ እንደ ደንቡ በተለያየ ቀን አደረግሁት፤ ጋሼ ወልዴ ሰኞ፣ ሐጂ ሐሙስ። ጠዋት የቀጠሮ ወረቀቶቻቸውን ተቀብለው፣ አንዳቸው የሌላውን ቀን ጮክ ብለው አንብበው፣ ተደጋግፈው ነበር የወጡት። በሁለቱም ቀን ሁለቱም እንደሚመጡ አውቃለሁ። ኮሪደሩ ላይ አንድ ወንበር አስጨምሬያለሁ።