ጭኔ ላይ የተኛው ጊታር

ጉለሌ፣ መስከረም 9 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለኡርጌሳ፣

እንዴት ከርመሃል? የድሬስደን ብርድ ገና አልጀመረ ይሆናል። ሲጀምር ያንን ሹራብ ሻንጣ ውስጥ እንዳታስቀምጠው፤ እናትህ የሠራችው እንዲለበስ ነው። እኛ ደህና ነን። ክረምቱ ሰፈሩን ጭቃ በጭቃ አድርጎት ወጣ፣ ጣሪያው ግን ዘንድሮ አላፈሰሰም።

አብራህ የምትማረው ሰናይት ለእረፍት መጥታ ልትመለስ ስለሆነ ይህን ደብዳቤ በእጇ ልኬልሃለሁ። በፖስታ ቤት ስለማያልፍ እንደ ልቤ ነው የጻፍኩት።

በሐምሌ የላክኸው ደርሶኛል። «የአባዬ እጅ ከሥራ ወጥቶ እኔ እዚህ መጽሐፍ አላገላብጥም፣ ትቼው እመጣለሁ» ብለሃል። ለመመረቅ ሁለት ዓመት ሲቀርህ! መልሴን ከፊት ልንገርህ፦ አትምጣ። ምክንያቱን ደግሞ እነግርሃለሁ፤ አንተ ያለ ምክንያት የነገሩህን ሰምተህ አታውቅምና።

መጀመሪያ ስለ እጄ። መላጊያው ማሽን የግራ እጄን ጅማት እንደቆረጠው ታውቃለህ። ጳውሎስ ሆስፒታል ሐኪሞቹ የሚቻለውን ሁሉ አድርገውልኛል። አውራ ጣቴና ጠቋሚዬ ይሠራሉ፣ የቀሩት ሦስቱ አይታጠፉም። መሥሪያ ቤቱ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛውሮኝ ቁጭ ብዬ ብሎንና ምስማር አድላለሁ። ጊታሩን ግን ግድግዳው ላይ ሰቅዬ ፊቴን አዞርኩበት። እውነቱን ልንገርህ፣ ከሥራዬ ይልቅ ያስለቀሰኝ እሱ ነው።

ከዚያ ጎሚስታው ጀላል፣ የጓደኛህ የሳቢት አባት፣ ሊጠይቀኝ መጣ። ጊታሩን አየና «መያዝ ካቃተህ ለምን አታስተኛውም?» አለኝ። ሲኒማ ቤት አንድ ፈረንጅ ጊታሩን ጭኑ ላይ አስተኝቶ ክሮቹ ላይ ብረት ሲያንሸራትት አይቷል። በማግስቱ ከተጣለ ሞተር የወጣ የፒስተን ፒን፣ ለስላሳ ድቡልቡል ብረት፣ ወልውሎ አመጣልኝ። እኔም ከአንገቱ ጫፍ፣ ክሮቹ ሥር የወይራ ቁራጭ አስገብቼ ከፍ አደረግኋቸው። ለቀኝ አውራ ጣቴ ከጄሪካን ቆርጬ በፈላ ውኃ ያጠፍኩት የክር መምቻ ቀለበት ሠራሁ፤ የድሮው ጠፍቶብኛል፣ አንተ ይዘኸው ካልሄድክ።

ያስተማርኩህ የአውራ ጣት አመታት ግን ወዲያው እሺ አላለኝም። እንደምታውቀው አውራ ጣት ወፍራሞቹን ክሮች እየተፈራረቀ ይመታል፣ ሁለቱ ጣቶች ቀጭኖቹ ላይ ዜማውን ያወጣሉ፣ የግራ ጣቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቦታ ይረግጣሉ። ብረት ይህን አያውቅም። ቀጥ ያለ ነው፤ የአንዱን ክር ድምፅ ከፍ ሲያደርግ ስድስቱንም ይዞ ይሄዳል። ዜማው ሲወጣ ባሱም፣ የወፍራሞቹ ድምፅ፣ አብሮ ይወጣል። እናትህ ከጓዳ ሆና «ኧረ ይሄ ነገር አሞታል!» አለች።

ስሞክር ስሞክር ቆይቼ ሁለት ነገር አገኘሁ። አንደኛ፣ ክሮቹን ባዶአቸውን ሲመቱ አንድ ላይ የሚስማማ ኮርድ እንዲሆኑ ቃኘኋቸው፤ ከዚያ ብረቱን ሦስቱ ቀጭኖች ላይ ብቻ አሳረፍኩት። አውራ ጣቴ ባዶዎቹን ወፍራሞች እንደ ድሮው ይመታል፣ ዜማው ከላይ ይንሸራተታል። ባሱ መለወጥ ያለበት ቦታ ስደርስ ብቻ ብረቱን በሙሉ አጋድመዋለሁ። ሁለተኛው በራሱ የመጣ ነው። ክሮቹ ከብረቱ ኋላ እየተንጫረሩ አስቸግረውኝ ነበር። አንድ ቀን ደክሞኝ ሦስቱ የማይታጠፉ ጣቶቼ ከብረቱ ኋላ ክሮቹ ላይ ወደቁ፤ ጫጫታው ጸጥ አለ። ለምንም አይረቡም ብዬ ስረግማቸው የነበሩት ጣቶች ሥራ አገኙ። በዚያ ቀን እንደ ልጅ ነው የቦረቅኩት።

አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መዝሙር እየተለማመድኩ ነበር፤ ቃሉን ሳልዘምር በክሩ ብቻ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከተዘጋ ወዲህ እንደለመድነው። በሩ ተንኳኳ። የአብዮት ጥበቃው ስብሐት ነው፣ ጠመንጃ ያነገተ ሰው አስከትሏል።

«ጋሼ ኢታና፣ ሬዲዮውን ያውጡት» አለኝ።

«የምን ሬዲዮ?»

«የወንበዴዎቹን ጣቢያ ሲፈልጉ ከደጅ ሰምተናል። ሲያፏጭ፣ ሲወጣ፣ ሲወርድ።»

ጊታሩን አሳየሁት። አላመነኝም። «በሉ ይምቱትና እንየው» አለ። የሚመጣልኝ ሌላ ነገር ጠፋ፤ እጄ ያንኑ መዝሙር ጀመረ። ስብሐት ቆሞ ሰማ። እግሩ ከአውራ ጣቴ ጋር መሬቱን መምታት ጀመረ። «ይቺ ትዝታ ናት አይደል?» አለኝ። «ትዝታ ናት» አልኩት፤ ጌታ ይቅር ይበለኝ።

ሊወጡ ሲሉ አልጋህን አየ። «ይሄስ የማን ነው?»

«የልጄ።»

«ዕድሜው?»

«ሃያ ሁለት።»

«የት ነው ያለው?»

«ጀርመን፣ ትምህርት ላይ።»

«መቼ ነው የሚመለሰው?»

እናትህ አፏን ከፈተች፣ ቀደምኳት። «ሲጨርስ» አልኩ። «እንግዲህ ሲመጣ ያሳውቁን። ብሔራዊ ውትድርና የሁሉም ግዴታ ነው» ብሎ ወጣ።

ኡርጌሳ፣ በዚያው ሳምንት ሳቢትን አዲሱ ገበያ አውቶቡስ ሲጠብቅ አፍሰው ወሰዱት። እስከ ዛሬ ያለበት አይታወቅም። ጀላል በየጠዋቱ ሱቁን ይከፍታል፣ ጎማ ያመጡለት ሰዎች ግን ስንቴ ጠርተውት ነው የሚሰማቸው።

የዚያን እሑድ ስብሐት በሩን ዘግቶ ሲወጣ ወደ አልጋህ ዞርኩ። እናትህ በየቅዳሜው አንሶላውን ትቀይራለች፣ ማንም አይተኛበትም። ከሄድክ ጀምሮ ሳየው ሆድ ይብሰኝ ነበር። የዚያን ቀን ባዶ በመሆኑ ደስ አለኝ። እናትህ ደስታዬን ፊቴ ላይ አይታ ጓዳ ገብታ አለቀሰች። ልጄ ቤቴ የለም ብዬ ደስ የሚለኝ አባት ሆኛለሁ።

ስለዚህ ትምህርትህን ጨርስ። ስትጨርስም ጻፍልኝና የዚያን ጊዜ እንነጋገራለን፤ ሳትጽፍ አውሮፕላን እንዳትሳፈር። ጊታሩን ስመታ የቀዳሁበትን ካሴት ሰናይት ትሰጥሃለች። የምትሰማው እኔን ነው፣ ሌላ ሰው አይደለም። ብረቱ አንዳንድ ቦታ አምልጦኛል፣ እንዳትስቅብኝ።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፣ ከክፉ ሰው ይሰውርህ፣ የዘራኸውን ያሳጭድህ። እናትህ የምትጽፍበት ቦታ እዚህ ትቼላት ነበር። ብዕሩን ይዛ ብዙ ቆየችና «ተወው፣ ‹ና› ብዬ ልጽፍበት ነው» ብላ መለሰችልኝ። እኔም ከዚህ በላይ ብጽፍ ያው ቃል ስለሚያመልጠኝ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

አባትህ
ኢታና