ከፏፏቴው ሥር የሳቅሁብህ ቀን

ወንድዬ፣ የቤቴ አባወራ፤

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ሙት ዓመትህን እዚሁ ፍራንክፈርት አወጣን። የጻይልስሃይም ሰፈሩ ቤታችን እንዳለ ነው፤ ጫማህን ከበሩ ሥር አንስቼ ቁም ሣጥን ውስጥ ከማስገባቴ በቀር ምንም አልነካሁም። ልጃችን ቤዛ አሥራ አራት ሞላት። በቁመት በልጣኛለች፤ በአማርኛ ስጠራት በጀርመንኛ ትመልስልኛለች። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ አስቤ ነበር። ደህና አይደለንም። ተናድጄብሃለሁ።

ነሐሴ ላይ የወሰድከንን ደሴት ታስታውሳለህ? ኤርፖርት አብሮህ ሻንጣ የሚጭነው ሰውዬ፣ ከገደል ተወርውሮ ባሕር ውስጥ የሚገባ ፏፏቴ አለ ብሎህ። ከመጨረሻው መንደር ወዲያ መኪና አይገባም፤ በባሕሩ ዳር ሦስት ሰዓት በእግራችን ሄድን። አንተ በየመታጠፊያው ድንጋይ ፈልገህ ትቀመጣለህ። ሻንጣ ሲያነሳ የሚውል ሰው ለአንዲት ዳገት ወገቤን አለ እያልኩ አሾፍኩብህ። አውቶቡስ ፌርማታ ድረስ መሄድ የሚሰለቻት ቤዛ ቦርሳህን ተሸክማ ካጠገብህ አልለይ አለች። ልጄ አደገች ብዬ ደስ አለኝ። እኔ ሞኟ!

ፏፏቴው ጋ ስንደርስ ሸሚዝህን አውልቀህ ውሃው ሥር ገባህ፤ በስመ አብ ብለህ ሦስት ጊዜ አማተብክ። ቄስ ያልባረከው የፈረንጅ ውሃ ጠበል አይሆንም እያልኩ ሳቅሁብህ። አንተም ሳቅክልኝ። ቤዛ ዓይኗን ትጠራርግ ነበር፤ ፍንጣቂው ገብቶባት መሰለኝ።

ኅዳር ላይ ሆስፒታል ስትተኛ፣ በሽታህን ከሰኔ ጀምሮ ታውቀው እንደነበር ሐኪሙ በአንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ በኩል ነገረኝ። ቢሆንም ይቅር አልኩህ። በእኛ ወግ ክፉ ወሬ ከሚወዱት ሰው ይደበቃል፤ ብቻውን ተሸክሞልኝ ነው ብዬ አለቀስኩልህ።

ለካ ብቻህን አልነበርክም። ባለፈው ሳምንት ለጉልበቴ ሐኪም ዘንድ ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ ነበረኝ። እንደ ድሮው ታስተርጉምልኝ ብዬ ቤዛን ይዣት ሄድኩ። በሩ ላይ ስንደርስ አልገባም ብላ ከግድግዳው ተጣበቀች። ቤት ተመልሰን ሁሉንም ነገረችኝ። ሰኔ ላይ የሐኪሙን ቃል ያስተረጎመችልህ እሷ ናት። በአሥራ ሁለት ዓመቷ፣ አባቷ እንደማይድን በገዛ አፏ ነገረችህ። ያን ቀን ደሴቱ ላይ ሁለታችሁ እያወቃችሁ እኔ ብቻዬን እየሳቅሁ ዳገት ወጣሁ። ከዳኸኝ ወንድዬ።

ይህንንም እችለው ነበር። ግን ለእናቷም ለማንም እንዳትነግር አባዬ ይሙት አሰኝተህ አስማልካት። እኛ ለሽንኩርት ዋጋ እንኳ እገሌ ይሙት የምንል ሰዎች ነን፤ ከአፋችን ወጥቶ ይረሳል። እዚህ ያደገች ልጅ ግን ቃሉን እንዳለ ነው የወሰደችው። ጥቅምት ላይ ጨንቋት ለአንዲት የክፍል ጓደኛዋ ተናገረች። በወሩ አንተ ሞትክ። መሐላውን ስላፈረስኩ እኔ ነኝ የገደልኩት ብላ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር አንድ ማዕድ ቀርባ ኖረች።

አልረሳህም። እስካለሁ አስታውስሃለሁ፤ ደግነትህንም ይህንንም ጨምሬ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እያልኩ ጠዋት ማታ እነግራታለሁ። አታምነኝም። እሷ የምታምነው አንተን ነበር።

ባለቤትህ