በተከፈተ ጣሪያ ሥር ስለ «ልብዎ የፈቀደውን»

ለክቡር የወረዳችን የሸማቾች አቤቱታ ሰሚ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ፤ ጣሪያዎ ድፍን፣ ወለልዎ ደረቅ፣ መዝገብዎም ከእርጥበት የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ቀጥዬ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ልንገርዎ፤ ጽሕፈት ቤትዎ የተነገረውን ባለመስማት የታወቀ ስለሆነ ከእርስዎ ዘንድ አይወጣም ብዬ ነው። አላህ ይማረውና ባለቤቴ ካርሶ ጣሪያ ሠሪ በነበረበት ዘመን ዋጋ ቆራጯ እኔ ነበርኩ። እርሱ ለደንበኛው «ልብዎ የፈቀደውን» ይላል፤ እኔ ምሳውን ይዤ ስሄድ የቤቱን መጋረጃና ወንበር አይቼ፣ በመጨረሻ የሚጠይቀውን በጆሮው እነግረዋለሁ።

አሁን አቤቱታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. ከሦስት ሳምንት በፊት ጣሪያ ሠሪው ሳርጁ የተሰነጠቁ ሁለት የጣሪያ ሸክላዎች ሊቀይርልኝ መጣ። ዋጋውን ብጠይቀው «ኧረ እማማ! በእኔና በእርስዎ መካከል ዋጋ ይነሳል? ልብዎ የፈቀደውን!» አለኝ። ከዚህ በኋላ ደግሞ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ሰውን ሌባ ነህ እንደማለት ስለሚቆጠር፣ ጣፋጭ ሻይ፣ የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቴምፔና የቅርንፉድ ሲጋራ አቀረብኩለት። እርሱም በቸርነቱ ያልጠየቅሁትን የጣሪያዬን እኩሌታ አውርዶ ሸክላውን ግቢዬ ውስጥ ከከመረ በኋላ አራት ሚሊዮን ሩፒያ ጠራልኝ። ልቤ ይህን ያህል አልፈቀደም ብዬ ብነግረው «ታዲያ ልብዎን ትንሽ ሰፋ ያድርጉት! እንዲህ ያለች የስፌት መኪና አስቀምጦ ድሃ ነኝ ይባላል? እሷን ይሽጡና ይክፈሉኝ፣ በማግስቱ እደፍነዋለሁ» ብሎ ሄደ።

፪ኛ. ሌላ ሠራተኛ ፈለግሁ። ባለሙያ ሌላው የከፈተውን ጣሪያ አይነካም፤ ይህን ደንብ ካርሶም አክብሮት ስለኖረ ልወቅሳቸው አልችልም። ፓርዲ የተባለው ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ «እማማ፣ የሳርጁን ጣሪያ ከምነካ የሚስቱን እጅ ብይዝ ይሻለኛል» አለኝ።

፫ኛ. የሰፈራችን ሹም «ጎረቤት ይከሰሳል እንዴ? ሰው ምን ይለናል?» ሲሉ መከሩኝ። ሳርጁ የሚስታቸው ወንድም መሆኑ ምክራቸውን እንዳላዛባው እርግጠኛ ነኝ።

፬ኛ. የእርስዎ ሠራተኛ ወንበር ስለሰጠኝ አመሰግናለሁ። «እናቴ፣ በጽሑፍ የተስማማችሁበት ዋጋ ከሌለ አበዛብኝ የሚሉት ከምን አንጻር ነው?» አለኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በቴምፔ መጠቅለያ ጋዜጣ ነው፤ ሆኖም ከራሱ በላይ በመስታወት ተሸፍኖ የተሰቀለውን ጽሑፍ ማንበብ አላቃተኝም፤ ሸማች ስለሚያገኘው አገልግሎት ትክክለኛና ግልጽ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል። መብቴ በመስታወት ተከድኖ ዝናብ እንዳይነካው ስላደረጋችሁ ደስ ብሎኛል።

ክቡር ሆይ፣ የስፌት መኪናዋን የማልሸጠው የእኔ ስላልሆነች ነው። የዛሬ ሠላሳ አንድ ዓመት ካርሶ በዝናብ ወራት ወርሲኒ የምትባል ባሏ የሞተባትን ልብስ ሰፊ ጣሪያ ከፈተ። እኔ ምሳ ይዤ ሄድኩ፤ ገብስማ ቀለም መጋረጃዋን አየሁ፤ ዋጋ ቆረጥኩ። ያን ያህል ስላልነበራት እንጀራዋ የነበረችውን መኪና ሰጠችን። የወሰደው ካርሶ እንደሆነ ታውቃለች፤ ዋጋውን በጆሮው የነገርኩት እኔ መሆኔን ግን አታውቅም። በየዓመቱ በዒድ ማለዳ ከእኔ ቀድማ ደጄ ትመጣለች፤ እንደ ወጋችን እጄን ይዛ «የውስጥም የውጭም በደሌን ይቅር በይኝ» ትለኛለች። እኔም ይቅር ብዬሻለሁ እላታለሁ።

ብሸጣት ጣሪያዬ ይደፈናል፣ ወርሲኒን ግን ሁለተኛ እዘርፋታለሁ። ባልሸጣት ይዘንብብኛል። እስካሁን መኪናዋን በደረቁ ማዕዘን አቁሜ፣ እኔ ከባልዲው አጠገብ እተኛለሁ።

ስለዚህ የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው፤ ማንም ባለሙያ መሰላል ላይ ከመውጣቱ በፊት ዋጋውን ጽፎ እንዲሰጥ ያድርጉ። እኛ ለመጠየቅ እናፍራለን፤ እንዲህ እንደምናፍርም ባለሙያዎቹ ያውቃሉ፤ እኔ ራሴ አውቅ ነበር።

ለሰጡኝ ወንበር፣ ለመስታወቱና ለትዕግሥትዎ እጅ እየነሳሁ፣ ሰማይን ያለ ክፍያ እንድመለከት ላስቻለኝ አስተዳደርዎ ረጅም ዕድሜ የምመኝ፣

ንጋቲየም፣ የካርሶ ሚስት የነበረች
ካራንግሳሪ

ማሳሰቢያ፦ በደብዳቤው ላይ ቀለሙ የፈሰሰው በእንባ አይደለም፤ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ስለጻፍኩት ነው። እርስዎ ዘንድ የደረሰው ሁለተኛው ቅጂ ሲሆን፣ ሦስተኛው ሳርጁ ግድግዳዬን አስደግፎ በተወው መሰላል ላይ ታስሯል። የመጀመሪያው ቅጂ ዛሬ ጠዋት በጋሪ ከተጫነችው የስፌት መኪና መሳቢያ ውስጥ ነው፤ የሚደርሰውም ለወርሲኒ ነው።