ከወይዘሮ ደብሪቱ ጋር የማይቀበረው ጥያቄ

የአራዳ ቤተሰብ ታሪክ ማኅበር፣ የድረ ገጹ የጀማሪዎች ክፍል ኃላፊ የነበሩት ወይዘሮ ደብሪቱ አርአያ ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ለአባላቱ፣ ለሠራተኞቹና ለወዳጆቹ የሚያስታውቀው በጥልቅ ሐዘን ነው። ሐዘኑ አንገት ያስደፋል፤ እሳቸው ግን አንገቱን የደፋ ሰው ስለማይወዱ ይህን የምንጽፈው ቀና ብለን ነው።

ወይዘሮ ደብሪቱ ተወልደው ያደጉት አራዳ፣ እሪ በከንቱ ሰፈር ሲሆን፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በክፍለ ሀገርና በአዲስ አበባ በመምህርነት አገልግለዋል። ማኅበራችንን የተቀላቀሉት በ2010 ዓ.ም. ነው።

ያኔ ሰዎች የቤተሰብ ሐረጋቸውን የሚመዘግቡበት ድረ ገጻችን አዲስ ተመዝጋቢን በመጀመሪያ የሚጠይቀው የእናቱን ስም ነበር። አያቱ ያሳደገችው ሰው «እማዬ» የሚለው አያቱን ነውና የእሷን ስም ይሞላል፤ ወላጅ እናቱን ደግሞ በስሟ እየጠራት ስላደገ እህቱ አድርጎ ይመዘግባታል። ይህም ከሌላው የቤተሰቡ መዝገብ ጋር ስለማይገጥም ወዲያው «ስህተት» የሚል ቀይ ጽሑፍ ይወጣል፤ ጀማሪውም ተናዶ ይሄዳል፤ አይመለስም። እኛ ኮሚቴዎቹ ደግሞ ጥፋቱን በእሱ እናላክክ ነበር።

በ2012 ዓ.ም. ወይዘሮ ደብሪቱ «ሰው ገና ደጃፍ ላይ ሳለ ተሳስተሃል ይባላል እንዴ? መጀመሪያ ግባ በሉት እንጂ!» ብለው ቀዩን ጽሑፍ አስነሡ። በቦታው አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀመጡ፤ «ማን አሳደገዎት?» የወለደው ሰው ስም የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ፈርሶ ሰዉ ወደየአቅጣጫው ሲበተን፣ ወይዘሮ ደብሪቱ ልጅ ያሳደጉ ጎረቤቶችም በቤተሰብ ሐረጉ ላይ ቦታ እንዲያገኙ ጠየቁ። «ባዳ ሰው ደግሞ ምን ሐረግ አለው?» ላሉት ለገንዘብ ያዣችን ለአቶ ክፍሎም የሰጡት መልስ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል፤ «ክፍሎምዬ፣ ልጅ ሳለህ አፍንጫህን ማን ነበር የሚጠርግልህ? እትዬ ትርሓስ ጎረቤትህ አይደሉም?» አቶ ክፍሎም ድምፃቸውን በድጋፍ ሰጥተዋል።

አሁን የድረ ገጹን እድሳት የተረከበው ድርጅት፣ «ማን አሳደገዎት?» የሚለው ጥያቄ «መረጃ ያዛባል» በማለት የቀድሞው እንዲመለስ፣ አለዚያ ሥራውን እንደሚያቆም አስጠንቅቆናል። ይህን የነገረን ለቅሶ ላይ ተቀምጠን ሳለ ነው። ማኅበሩም እዚያው ድንኳን ውስጥ ተሰብስቦ ወስኗል፤ ጥያቄው ከቦታው አይነቃነቅም። ድርጅቱ መሄድ ከፈለገ መንገዱ ጨርቅ ይሁንለት፤ ከመሄዱ በፊት ግን ገጹን ከፍቶ ጥያቄውን ይመልስ።

መጽናናትን የምንመኘውም በእሳቸው ቅደም ተከተል ነው። በመጀመሪያ እሳቸው ላሳደጓቸው የጎረቤት ልጆች ለራጉኤልና ለጸሎት። ቀጥሎም ለወለዷት ለአንድያ ልጃቸው ለኤደን፤ እናቷ በክፍለ ሀገር ሲያስተምሩ አያቷ ላሳደገቻት፣ እናቷን «ደብሪቱ» እያለች ላደገችው፣ በቀዩ ጽሑፍ ዘመንም እህቴ ብላ ለመዘገበችው።

ኤደን፣ ያኔም አልተሳሳትሽም። ማኅበሩ ይህን በማኅተሙ ያረጋግጣል።